ጀምሮ

ከሱቃችን መስታወት ላይ፣ በነጭ ቀለም ሰፍሮ፦
«ድመት ማጠብ፣ ማበጠር፣ ከመቶ ሃያ ዝሎቲ ጀምሮ።»
አላፊው መቶ ሃያዋን ቆም ብሎ ያነባታል፤
«ጀምሮ»ን ግን የግዳንስክ ዝናብ ብቻ ያጥባታል።

እኔ እዚህ ጠጉር ጠራጊ፣ ፎጣ አቀባይ ነኝ፤
ደሞዜ ቁርጥ ነው፣ ቧጨራው ነው የሚጨምርልኝ።

ማክሰኞ ዜኖን ደወሉ፣ የመርከብ ፋብሪካው ጡረተኛ ሒሳብ ሹም፤
«አንድ ቁጥር ንገሪኝ» አሉ፣ «ሌላ አልጠይቅም።»
ቦጉሚዋ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ የአንዱን ጆሮ እየጠረገች፣
«ሳልዳስሰው አልገምትም፤ ይዘውት ይምጡ» አለች።
«ረጋ ያለ ነው፤ ጠጉሩም ደህና ነው» አሉ።
በስልክ ድመት ሁሉ መልአክ ነው፤ ሁሉም እንዲህ ይላሉ።

ሐሙስ መጡ፣ ካፖርታቸው እየተንጠባጠበ፤
ሳጥኑ ውስጥ ባርናባ ክፉ ክፉውን እያሰበ።
የፋርስ ዘር ነው፤ አፍንጫው የተጨፈለቀ፣
ከሩቅ ሲያዩት ደመና፣ ሲነኩት ጭቃ የደረቀ።
ቦጉሚዋ እጇን ሰደደች፣ ዓይኗን ጨፍና፣
ብብቱ ሥር፣ ከጆሮው ኋላ፣ ሆዱ ላይ፣ በጥሞና።
«እዚህ ቋጠሮ። እዚህ ቋጠሮ።
እዚህም። ይሄ ደግሞ ከቆዳው ጋር ተማክሮ።»

በእርሳስ ጻፈች (ለግምት እስክሪብቶ አትነካም)፦
ማጠብና ማድረቅ፣ መቶ ሃያ።
ጥፍር፣ ሃያ።
ቋጠሮ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሠላሳ፤
ስንት ግማሽ እንደሆነ ባርናባ ያውቃል።
ቢነክስ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ሠላሳ ይጨመራል።
(ሁለተኛው ሰው እኔ ነኝ።
ሠላሳዋ ስትደርሰኝ አላየሁም፤ ነገሩ በሌላ ቀን ይነሣል።)

ከታች ሁለት ቁጥር፦ መቶ አርባ። ሁለት መቶ ስድሳ።
ዜኖን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣
መልሰው አደረጉ።
«በመሃል ያለው መቶ ሃያ የማን ነው?
አንድ መርከብ ሁለት ዋጋ ሲኖረው አላየሁም፤ ይሄ ምንድነው?»
«የታችኛው» አለች፣ «በስልክ ለነገሩኝ ድመት ነው፤
የላይኛው ይዘውት ለመጡት። እስኪ፣ ይሄ የትኛው ነው?»
ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልተበጠረ?»
«ከመጋቢት» አሉ፤ ድምፃቸው አጠረ።
«መጋቢት ላይ ምን ነበረ?»

«ፍቺ።»

ትእዛዝ ይሁን መልስ አልለየሁም።
ቦጉሚዋም መቀሷን አላነሳችም።

ኦቲሊያ ማበጠሪያውን ወሰደች፣ እሳቸው ድመቱን፤
ጠበቃው ነበር የደለደለው ዕቃውን፣ ቤቱን።
«የሱ ዋጋ ቁርጥ ነበር፤ በወረቀት፣ በማኅተም፤
ሠላሳ ዓመት ሲፈታ አንዲት ሳንቲም አልጨመረም።»

«መላጨት ርካሽ ነው» አለች፣ «በሃያ ደቂቃ ያልቃል፤
ክረምቱን ግን ራቁቱን ይከርማል።
መፍታት ይረዝማል፤ እሱ ይቆጣል፣ እኔም እደክማለሁ፤
ዋጋውን ሲያልቅ ነው የማውቀው፤ እስከዚያ እገምታለሁ።»

ግምት ነበር የጠየቁት። ግምት ሰጠቻቸው፤
ከመጋቢት ወዲህ ማንም ያልሰጣቸው።

«ፍቺው» አሉ።

አንድ ሰዓት ያዝኩት። በሩብ ሰዓቱ ነከሰኝ፤
ቦጉሚዋ ቀና ሳትል «ተመዝግቧል» አለችኝ።
ሆዱ አልሆነም፣ ተላጨ። ጀርባው ግን ክር በክር
ተፈታ። ዜኖን አልተቀመጡም፤
ወለሉ ላይ የወደቀውን ጠጉር
በከንፈራቸው ይቆጥሩ ነበር፣ እንደ ዝርዝር።

ሒሳቡ ሁለት መቶ ሠላሳ። ሁለቴ ደመሩት፤ ልክ ነው።
ከዚያ ወደ መደርደሪያው እያዩ፣ «ያኛው ስንት ነው?»
የብረት ማበጠሪያ፣ ጥርሱ ሰፋ ያለ፦ ሠላሳ አራት።
ከላይኛው ቁጥር በአራት ዝሎቲ አለፈ፣
በእርሳሱ ወረቀት ላይ ያልተጻፈ።
ይከራከራሉ ብዬ ፎጣዬን ይዤ ቆምኩ።

አራቷን በሳንቲም፣ አንድ በአንድ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።
ሳጥኑን አነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ
ዝናቡ እንዳልቆመ ለባርናባ ይነግሩት ጀመሩ።